በጓዳው ስንጥቅ ላይ የለጠፍኳት ወረቀት

ሰይድዬ፣ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ኑር ያድርግልህ። ካንተ ወዲህ ሁለት ረመዳን ብቻዬን አፈጠርኩ፤ ሦስተኛውም ደጅ ላይ ነው። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። ፍርሃት ይዞኛል። ለሌላ ሰው ሳወራው ይስቅብኛል፤ አንተ ብትሆን መጀመሪያ ትሰማኝ፣ ከዚያ በኋላ ትስቅብኝ ነበር።

ስልክህ እኔ ዘንድ ነው። ልጃችን ዘሀራ ሌላ ላምጣልሽ ብትለኝ እምቢ አልኩ። ፊደሉ እንደሆነ፣ ያኔ በመሠረተ ትምህርት ያስቆጠሩኝ ሁሉም አልጠፋም፤ በጣቴ እየተከተልኩ፣ እያነከስኩም ቢሆን እደርሳለሁ። ከፒያሳ፣ ከልብስ ስፌትህ ስትመለስ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ ስልኩን ከፍተህ «ስሚማ» ትለኝ የለ? ሦስት ልብ ያለው የባሕር ፍጡር አለ ስትለኝ፣ አንዱን ለወንድምህ ያውሰው አልኩህ። ቁራ የሰው ፊት አይረሳም ብለህ ካነበብክ ወዲያ ደግሞ፣ ለእንግዳ የምትሰስት ሰውዬ ጠዋት ጠዋት ለቁራ ዳቦ መቁረስ ጀመርክ። «ቂም እንዳይዙብኝ ነው» አልክ። ዝሆን የሞተ ዘመዱን አጥንት በኩምቢው ይዳስሳል ያልከኝ ቀን ግን እንደገና አንብብልኝ አልኩህ።

አሁን የማነበው እኔ ነኝ። «ስሚማ» የምለው ሰው ስለሌለ ለግድግዳው አወራለሁ።

ይኼ ስልክህ ግን ወረኛ ነው፤ አንዴ የነኩትን አይለቅም። አንድ ቀን የአፋር ምድር እየተሰነጠቀ ነው፣ አገሩ ለሁለት ይከፈላል፣ ባሕር ይገባበታል የሚል ነገር አመጣልኝ። አፋር የት ነው? ባቲን ሲያልፉ አይደለም እንዴ? ሴቶቹ ጎረቤታችን ሞሚና ቤት ለዱዓ ተሰብስበው ነበርና ሻሼን በእጄ ይዤ ገባሁባቸው። ባሕሩ ሊመጣ ነው አልኳቸው። ዱዓው ቆመ። አንዷ ቢስቲማ እናቴ ቤት እሸሻለሁ ብላ ተነሳች፤ ቢስቲማ ለአፋር ከኛ እንደሚቀርብ እንኳ አላሰበችውም። ሌላዋ ደግሞ «እሰይ፣ ዓሣ ከደጃችን ልንበላ ነው» አለች። ሞሚና ስልኩን ከእጄ ተቀብላ እኔ ያልከፈትኩትን የታችኛውን ጽሑፍ ከፈተችው። ለካ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ነው የሚለው! ወላሂ ሰይድዬ፣ መሬቱ ያኔውኑ ተሰንጥቆ በዋጠኝ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሞሚና ባየችኝ ቁጥር «እንዴት ነሽ» ማለት ትታለች፤ «ባሕሩ የት ደረሰ?» ነው ሰላምታዋ።

ሳቁ ለነሱ ያልፋል። ስልኩ ግን ያንን ከነካሁ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ስከፍተው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ስዘጋው የመሬት መንሸራተት፤ ቤት ተንዶ፣ ሰው አልጋው ላይ እንዳለ። እኛ ደግሞ የት እንዳለን ታውቃለህ፤ ቁልቁለቱ ላይ፣ የጦሳ ተራራ ከራሳችን በላይ ተቀምጦ። ዝናብ ሲጥል ሽቅብ ማየት ትቻለሁ።

ከዚያ ሁሉ ማስፈራሪያ መሀል አንዲት ቁም ነገር አገኘሁ። ግድግዳህ ከተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ ላይ አግድም ወረቀት ለጥፍበት ይላል። ወረቀቱ ደህና ከቆየ ስንጥቁ የቆየ ነው፣ ተወው። ከተቀደደ ግን ግድግዳው እየሄደ ነው፣ ቤቱን ልቀቅ። ጓዳ ውስጥ በአልጋችን ራስጌ ያለው ስንጥቅ ትዝ አለኝ። አንተ በጭቃ የደፈንከው፣ ተመልሶ መጥቶ አሁን ጣቴን ያስገባል። አንዲት ወረቀት በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩበት፤ ሱብሂ ሰግጄ ስነሳ በጣቴ እዳስሳታለሁ፣ ዓይኔን አላምነውማ። ሞሚና አየቻትና «የጭቃ ቤት ሲሰነጠቅ ብርቅ ነው? ወይስ ባሕሩ በዚህ በኩል ሊገባ ነው?» አለችኝ። እኔም ባሕሩ ሲመጣ መጀመሪያ አንቺን ይውሰድልኝ አልኳት።

ዘሀራ ከኮምቦልቻ በየቀኑ ትደውላለች። ከፋብሪካ ወጥታ ገና መንገድ ላይ ሳለች ነው የምትጀምረኝ። «እማ፣ ነይልኝ፣ እኔም እንቅልፍ አጣሁ» ትላለች። ወረቀቷ እስካለች ምን አስኬደኝ እላታለሁ። እውነቱን ላንተ ልንገርህ፤ መቆየቱን እፈራለሁ፣ መሄዱንም እፈራለሁ። ከዚህ ቤት ከወጣሁ አንተን ጥዬ የወጣሁ ይመስለኛል። ግድግዳው አንተ ያቦካኸው ጭቃ ነው፣ የበሩ እጀታ ያንተ እጅ ያሟለጨው ነው። ኮምቦልቻ ላይ ምን አለህ? እዚያ አንድም ቀን አድረህ አታውቅም፤ ሙቀቱ አይስማማኝም እያልክ በመጣህበት መኪና ነበር የምትመለሰው። እዚያ ስፈልግህ የት አገኝሃለሁ?

እንዲህ እያልኩ ሳለሁ አንድ ማለዳ ወረቀቷን ስዳስስ ለሁለት ተከፍላ አገኘኋት። ከመሀሏ ተቀድዳለች። እንደገና ዳሰስኩ። መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ይሄድ እንደሆን አዳመጥኩ። ለሞሚና አልነገርኩም፣ ትስቃለቻ። ለዘሀራም አልነገርኩም፣ መኪና ይዛ ትመጣለቻ። አልጋውን ብቻ ከግድግዳው አራቅሁና ያ ረቢ ያ ረቢ እያልኩ ዋልኩ።

ዐስርን ለመስገድ ውዱእ እያደረግሁ ሳለሁ መጣ። መጀመሪያ ድምፁ ነው የመጣው፤ ከባድ መኪና ከእግሬ ስር ያለፈ መሰለኝ። ጀበናው ከመደርደሪያው ወረደ። ቆርቆሮው ጮኸ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ባንድ እግሬ ጫማ፣ ክንዴ እንደረጠበ ግቢው መሀል ቆሜ ራሴን አገኘሁት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቷል፤ ልጅ ያለው ልጁን ታቅፏል። ያኔ የጓዳው ግድግዳ ወደ ውስጥ ሲናድ ሰማሁት። አቧራው በበሩ ወጣ።

ሰይድዬ፣ ታውቃለህ፣ ይህን ያህል ዘመን ስንኖር ሰው ፊት ስምህን ጠርቼ አላውቅም። እናቴ የባል ስም በአደባባይ አይጠራም ብላ ነው ያሳደገችኝ፤ «የዘሀራ አባት» ነበርክ፣ «እሱ» ነበርክ፣ «ሰውዬው» ነበርክ። ያን ቀን ግን ወደዚያ አቧራ ዞሬ፣ በሰፈሩ ወንድና ሴት ፊት፣ ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ ጮህኩ።

«ሰይድ! ሰይድ! ውጣ!»

ደጋግሜ ጮህኩ። ልገባም ነበር። ሞሚና ናት ከኋላዬ መጥታ የያዘችኝ። አሁን ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። የራሷን ሻርፕ አውልቃ ራሴ ላይ ጣል አደረገችና ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«ወጥቷል እናቴ» አለችኝ። «ቀድሞሽ ወጥቷል።»

አልቅሼ አላባራሁም። ሞሚና እዚያው አፈሩ ላይ አብራኝ ተቀምጣ፣ ዘሀራ እስክትደርስ እጄን አልለቀቀችም።

ይኸው ኮምቦልቻ ነኝ። ሙቀቱ እውነትም ያቃጥላል፤ ልክ ነበርክ። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ እኔም አብሬው እንቀጠቀጣለሁ፤ ሸሃዳዬን እላለሁ። ዘሀራ ይለቅሻል ትለኛለች። ይለቀኝ አይለቀኝ አላውቅም። ገና እፈራለሁ፤ መሬትን ካላመኑ ምን ይታመናል? አንድ ፍርሃት ግን እዚያው አቧራ ውስጥ ቀርቷል፤ ከፍርስራሽ ስር ጥዬህ መጣሁ ብዬ አልባንንም።

እስካለሁ ድረስ ከዱዓዬ አትጎድልም። እርጅናው አእምሮዬን ቢወስደው እንኳ ምላሴ አይረሳህም፤ ስምህን አንዴ ሰው ፊት ለምዷልና፣ ከእንግዲህ ሲጠራህ ማንንም አያፍርም።