ናናውን አደራ

ሾፌሩ፣

ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ፣ እህትህና ባሏ ፊት፣ «ይሄ ሰውዬ እኮ ፍየል አደረገን፣ በየቀኑ ቅጠል!» ያልከው አንተ ነህ። እነሱ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የዚያን ቀን በሶብላውን እስከ ግንዱ የመለመልኩት ለአንተው እንግዶች ሾርባ ነበር።

ከምንጋራው ቤት ልብሴንና አልጋዬን ወስጃለሁ። ቅጠሎቹን የተከልኩባቸውን ጣሳዎች ትቼልሃለሁ፤ የምሄድበት ክፍል መስኮት የለውም።

በሶብላው እንደገና እያቆጠቆጠ ነው። አናቱን አናቱን ቀንጥብለት፣ አበባ ካወጣ ቅጠሉ ይመርራል። ሾርባ ላይ የምትጨምረው ድስቱን ካወረድክ በኋላ ነው፤ አብሮ ከፈላ ሽታው ይጠፋል።

የጥብስ ቅጠሉ ሞቷል። «አንተ ነህ በውሃ ጥም ያደረቅኸው» ብለኸኝ ነበር። ዛሬ ነቅዬ ሳየው ሥሩ በስብሷል። ለካ ጠዋት እኔ፣ ማታ አንተ፣ ሳንነጋገር ሁለታችንም ስናጠጣው ኖረናል።

ናናውን ግን አደራ። ታመህ ምግብ ሁሉ ሲያስጠላህ፣ እርጎ ላይ እየከተፍኩ በማንኪያ ያጎረስኩህ እሱን ነው። ያኔ ቅጠል ነው አላልክም።

የኔም አፍ ክፉ ነው፣ አውቃለሁ።

ቁልፌን በበሩ ስር እሰደዋለሁ።

እዚህ ላይ ስደርስ ደወልክ። «ሼፍዬ! ዛሬስ ምን ታበላናለህ? ዳቦ ይዤ ልምጣ?» አልከኝ። ድምፅህ ደስ ብሎታል። የእሁዱን ጭራሽ ረስተኸዋል። ደግሞ «ሃሎ? አለህ?» አልከኝ።

ስልኩን ዘጋሁት። ይኸው እየወጣሁ ነው።