ከሌና በረዶ ሥር

ኅዳር 14
የሻይ በረዶ፣ አቅልጠን የምንጠጣውን፣ ከሌና ወንዝ ላይ ቆረጥን። ቦታውን እንደ ወትሮው ባይባል የሚባሉት አጎቴ መረጡ... የወንዙ እጥፋት ላይ፣ ከላሞቻቸው በረት ፊት ለፊት። መጀመሪያ እንደ ልማዳችን የቅቤ ቂጣ ለወንዙ ስጦታ ወረወሩ፣ ከዚያ መጋዝ። የወጣው በረዶ ከላይ ሰማያዊ ነው፤ ከታች ግን ነጭ ሽርክት፣ እንደ ገንፎ የላላ ደቃቅ በረዶ፣ ተለጥፎበታል።
«ዘንድሮ ይሄን ወንዝ ምን ነካው?» ብለው ጠርበው ጣሉት።
ከሥር ምን ያህል ይኖር ይሆን?

መጋቢት 20
ከምሠራበት የወንዝ ልኬት ጣቢያ መሰርሰሪያውን ይዤ ወደ እጥፋቱ ወጣሁ። ደረቁ በረዶ ከአንድ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በቀዳዳው የመለኪያ ዘንጉን ሰደድኩት። ውኃ የለም። ሽርክት... አሁንም ሽርክት... ሦስት ሜትር! ከዚያ ስስ ውኃ፣ ወዲያው አሸዋ። የወንዙ ጉሮሮ ታንቋል። ግንቦት ላይ ወንዙ ሲሰበር ከላይ የሚመጣው በረዶ በየት ሊያልፍ ነው? እዚሁ ይከመራል፤ ውኃው በረቱን ይበላል።

መጋቢት 23
ለአጎቴ ነገርኳቸው። «ላሞቹን ወደ ኮረብታው እናውጣ።»
«አባቴ እዚሁ አርብቶ ነው የሞተው። አንቺ ቀዳዳ በስተሽ ወንዙን ልታስተምሪው ነው?»
አክስቴ ማትሮና ሳቀች። ተናደድኩ። ከላሞቹ ሌላ ምን አላቸው? አልተውም።

ሚያዝያ 2
እንደገና ሄድኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ።

ሚያዝያ 9
ማስረዳት ይብቃ አልኩ። «ይምጡና ዘንጉን በእጅዎ ይያዙት።» እያጉረመረሙ መጡ። መጀመሪያ ከእጥፋቱ ራቅ ብሎ... ዘንጉ በረዶውን እንዳለፈ ውኃ ውስጥ ገባ። ከዚያ እጥፋቱ ላይ። ገፉ። አወጡት፤ ደግመው ገፉ፤ ከታች ሽርክት ብቻ። እጃቸው ቆመ። ዘንጉን መለሱልኝ።
«ጥቁሯ ላም መንገድ ትፈራለች» አሉ በመጨረሻ። «እሷን ቀስ ብለን ነው የምንወስዳት።»

ግንቦት 13
የወንዙ በረዶ ተሰበረ። እጥፋቱ ላይ ቆመ፣ ተከመረ። ውኃው በእበት የተለሰነውን በረት እስከ ጣሪያው ዋጠው። ላሞቹ ኮረብታው ላይ ሣር ይግጣሉ፤ ጥቁሯም አለች።
«የአባቴ በረት...» አሉ አጎቴ። አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ልክ ስሆን ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር 11
የሻይ በረዶ ቀን። አጎቴ በጠዋት መጡ። ጋሪው ላይ መጋዝ፣ ብብታቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ቂጣ። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ዘንጌን ከግድግዳው አወረዱ።
«የት ነው የምንቆርጠው?»
«ሳንለካ በምን አውቃለሁ?»
«እሱማ ነው።» ወንዙ ዳር ስንደርስ ቂጣውን ፈተው እጄ ላይ አኖሩት።
«በይ፣ ዘንድሮ አንቺ ወርውሪለት።»