ድምፁን ከፍ ያደረግሁበት ቀን

አባዬ፣

እዚያ ሰው "እንዴት ከረምክ" ይባባል እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ሳልጠይቅህ አልጀምርም። እንዴት ከረምክ? ከተለየኸን ዓመት ሞልቶ ሁለተኛው ክረምት ገባብን። የቢቸና ጭቃ ያው የምታውቀው ነው። ጤና ጣቢያ፣ ባንተ ወንበር ላይ ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ ልጅ እግር ድሬሰር ተቀምጧል፤ እጁ ቀላል ነው ይላሉ። ሰው ግን ዛሬም መርፌ ሊወጋ ሲሄድ "አያ መኮንን ጋ ልድረስ" ነው የሚለው። እማ ከስታለች። የጓሮውን ጌሾ የሚቆርጠው ጠፍቶ ከአጥሩ በላይ ወጥቷል። እኔ እዚሁ ሞጣ ፊዚክስ አስተምራለሁ።

ይህን ሁሉ ያልኩህ ዳር ዳር እያልኩ ነው። ልነግርህ የፈለግሁት ስለ ቴፑ ነው።

ያንን ሙዚቃ ስትሰማ ራዲዮኑን አልጋ ላይ አስተኝተህ ጆሮህን ትለጥፍበት ነበር። ወጣት ሳለህ አብረኸው የሠራኸው የውጭ ሐኪም፣ ከቀዶ ጥገና ሲወጣ ሸክላ እያጫወተ ያስለመደህ ክላሲካል፣ ቢቸና ላይ የሚገኘው ከባሕር ማዶ ጣቢያ ብቻ ነበር። የባሕር ማዶ ጣቢያ ከአንድ ቤት ሲሰማ ምን እንደሚያስብል ደግሞ ታውቃለህ፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ቀበሌው ጎረቤት ነው። ስለዚህ እንደ ትንኝ ቀጥኖ፣ እየመጣ እየጠፋ ይገባልህ ነበር። ተመርቄ የመጣሁ ሰሞን ከራዲዮኑ ቀና ብለህ፣ "አንድ ቀን እንኳ በገዛ ቤቴ ከፍ አድርጌ ብሰማው በበቃኝ" አልከኝ።

እኔ ያኔ ዓለምን በአንድ ክረምት የማቃና የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ። "ካሴትን ማን ይከለክላል? ቴፕ እገዛልሃለሁ፤ ያውም ስቴሪዮ!" አልኩህ። ስቴሪዮ ምንድን ነው ስትለኝ ጠመኔ የያዝኩ ይመስል ስለ ሁለት ስፒከርና ስለ ድምፅ ሞገድ ዘረዘርኩልህ። ጎረቤታችን መሪጌታ ላቀው አብረውን ተቀምጠው ነበር። አንተ ትንሽ አሰብ አድርገህ፣ "ታዲያ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በለኛ! በማኅሌት አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበል የለ?" አልክ። ከዚያ የተሻለ ምሳሌ እስካሁን ለተማሪዎቼ አላገኘሁላቸውም። መሪጌታ ግን አልተዋጠላቸውም። "ቃል የሌለው ዜማ፣ ታቦት የሌለው ቤተ ክርስቲያን ነው" አሉ። "ቃሉን እርስዎ ይሙሉበታ! ቅኔ አዋቂ ነኝ ይሉ የለ?" ብለህ አሳቅኻቸው። ጥርሳቸውን የሸፈኑበት ሁኔታ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

ከዚያ ምርጫው መጣ። አንተ ልብህ ሸክላ ማጫወቻው ላይ ነበር፤ የሐኪሙ ትዝታ ነው። ሸክላ ግን መብራት ይፈልጋል፤ የእኛ መብራት ደግሞ ማታ መጥቶ ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ የሚሄድ እንግዳ ነው። መርፌው አቧራ አይወድም፣ መንገጫገጭ አይወድም፤ ከሞጣ ቢቸና ያለውን መንገድ ደግሞ ወገባችን ያውቀዋል። አምፕሊፋየሩ ለብቻ፣ ስፒከሩ ለብቻ የሆነው ዕቃ አዲስ አበባ አለ፣ ዋጋው ግን የሹም ነው እንጂ የጀማሪ መምህር አይደለም። በመጨረሻ በባትሪ ድንጋይም በመብራትም የሚሠራ፣ ሁለት ስፒከሩ ከጎኑ የሚነቀል ቴፕ ይሁን ብለን ተስማማን። ካልተነቀለማ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆሙ ማለት ነው።

ሞጣ፣ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ያደረግሁትን ግን አልነገርኩህም። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ትልቅ ቴፕ አውጥተው ዘፈን ለቀቁበት። "ባሱን እየው! ጠርሙሱ ሁሉ ይጨፍራል!" አሉኝ። እውነትም መደርደሪያው ተንቀጠቀጠ። ለዘፈን ነውር የለውም። ያንተ ሙዚቃ ግን አንዳንዴ እስትንፋስ እስኪመስል ዝቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ራሱ የሚያጉረመርም ከሆነ ሙዚቃውን ጉርምርምታው ይበላዋል። ስለዚህ ባዶ ካሴት ከኪሴ አውጥቼ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼ፣ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ቴፖች በየተራ ምንም ሳይጫወቱ አዳመጥኳቸው። ጋሽ ሰይድ መንገደኛውን ጠሩብኝ። "ኑ እዩ! የተማረ ሰው ዝምታ ሊገዛ መጣ!" ሱቁ በሳቅ ሞላ። በእርግጥ ዝም ያለው አንዱ ብቻ ሆነ፤ አስቀያሚ፣ መብራት የሌለው፣ ሽፋኑ የተጫረ። ገበያ የጠላው ስለሆነ ቀነሱልኝ። "የሚናገር ዕቃ ሞልቶ ዲዳውን መረጥክ፤ አላህ ያሰማህ!" ብለው መረቁኝ። ለአንተ የምነግርህ ጨዋታ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ጓደኛዬ ከዩኒቨርሲቲ ከሸክላ የቀዳልኝን ካሴት ኪሴ ከትቼ፣ ቴፑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ቢቸና የሚሄደውን አውቶቡስ ስጠብቅ የትምህርት ቤቱ መምህራን ተሰብስበው መጡ። አንዱ ቴፑን ከእጄ ቀስ ብሎ ሲቀበለኝ መርዶህን ይዘው እንደመጡ ገባኝ።

ሀዘን ቤት ቴፕ አይገባም። እማ ራዲዮንህን ጥቁር ሻሽ አለበሰችው፤ ሙት ዓመትህ እስኪወጣ ድረስ ዜና እንኳ አልተሰማበትም። ቴፑ ሞጣ፣ አልጋዬ ሥር ከረመ። ድንጋዩ ውስጡ እንዳያፈስ አውጥቼ፣ አቧራውን እየጠረግሁ መልሼ እጠቀልለዋለሁ። ያን ዓመት ሙሉ የያዘኝ ሐሳብ አንድ ነበር፤ ያችን የተመኘሃትን አንዲት ቀን ለቤትህ ልስጠው። አንተ ባትኖርም ሙዚቃህ አንድ ጊዜ ቤትህን ሞልቶ ከተሰማ፣ ከአንተ የሆነ ነገር ይተርፈናል ብዬ ነበር። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

እማ ጥቁሯን ባወለቀች በሳምንቱ ይዤው ገባሁ። ቀትር ላይ ነበር። አንዱን ስፒከር መስኮቱ ሥር፣ ሌላውን ጓዳው በር ላይ አቆምኩ፤ እማን መሃል አስቀመጥኳት።

"የሱ ነው?" አለችኝ።

"የሱ ነው።"

"እንግዲያስ ክፈተው። አትቆጥበው።"

አባዬ፣ ቤታችን ሞላ። ቫዮሊኖቹ ከመስኮቱ፣ ወፍራሞቹ ከጓዳው ሲጠያየቁ፣ ለአፍታ በሩን ገፍተህ የምትገባ መሰለኝ። እማ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ የሚነግራትን ሰው እንደምታዳምጥ ሆና ነበር።

ከዚያ በሩ ተበረገደ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ የነጠላቸውን ጥለት ወደ አንገታቸው ገልብጠው፣ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ከኋላቸው የሰፈሩ ሰው። "ማን ነው? ማን ሞተ? ኧረ ንገሩን!" እንዴት እንዳልታየኝ! እንዲህ ያለ ቃል አልባ ሙዚቃ ቢቸና ላይ ከፍ ብሎ የሚሰማው፣ ራዲዮው ፕሮግራሙን አቋርጦ ከባድ ነገር ሊያውጅ ሲል ብቻ ነው። አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ "ከላይ ካሉት ሰዎች ነው?" አለኝ በሹክሹክታ። ዓይኑ ላይ ተስፋ የመሰለ ነገር ብልጭ አለና ቶሎ ተደበቀ። የቀበሌው ሊቀመንበር ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ሮጦ ደረሰ፤ "ምን ተፈጠረ? እኛ ሳንሰማ እናንተ እንዴት ሰማችሁ?" ይላል፤ ላቡ ይንጠባጠባል።

መልስ የሰጠችው እማ ናት፤ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ።

"አዲስ የሞተ የለም። ያው የኔው ነው።"

እትዬ ጥሩወርቅ ጮኹ። የወጣው ለቅሶ ተመልሶ ገባ። ደረት ተመታ፣ ስምህ ተጠራ፣ በር ላይ ያሉት ወደ ውስጥ ተገፉ። ሙዚቃው ከሙሾው ጋር እየተጋፋ ጥቂት ቆየ፤ የሚሰማው አልነበረም። መሪጌታ ላቀው ብቻ ጥግ ቆመው አንገታቸውን ወደ ስፒከሩ አዘንብለው አየኋቸው። ሊቀመንበሩ ሲያያቸው ግን እሳቸውም ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ከለቅሶው ገቡ።

"ጓድ መምህር" አለኝ ሊቀመንበሩ፣ ወደ ውጭ ስቦ፤ "ይህ ነገር ሕዝብ ያሸብራል። ዘፈን ክፈት፣ መዝሙር ክፈት፣ የፈለግኸውን። ይህን ግን ሁለተኛ እንዳልሰማ።" ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሚስቱ ልጁን የወለደችለት በአንተ እጅ እንደሆነ ያውቃል። ፈርቶ ነው። ስመለስ እማ፣ "አጥፋው ልጄ" አለችኝ። "እንዲህ ከፍ ሲልማ የሱ አይደለም። የሱ እንዲህ አልነበረም።"

አጠፋሁት። ያልተሰማው የካሴቱ ግማሽ እንዳለ ነው።

አሁን ቴፑ ሞጣ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ የማዳመጫ ክበብ ላቋቁም ብዬ ጠይቄ ነበር፤ አብዮታዊ መዝሙር ይጠና አሉኝ። መምህራኑ ለሰርግ ይዋሱታል፤ ጥሩ ያሰማል ይላሉ፤ ጋሽ ሰይድም ይኸው ዲዳው አፍ አወጣ ብለው ስቀዋል። ዝውውር ጠይቄአለሁ፤ ወዴት እንደሆነ ግን ለራሴም አልገባኝም። ያ የተመረቅሁ ሰሞን ጥድፊያዬ አሁንም እግሬ ላይ አለ፤ መሄጃው ነው የጠፋው።

አላባብልህም፣ አባዬ። ያ ሙዚቃ በቤትህ ከፍ ብሎ የሚሰማበት ቀን ይመጣል ብዬ አላምንም። እኔ የያዝኩት ቃል ትንሽ ነው፤ አስታውስሃለሁ። ማስታወስ ድምፅ የለውም፤ እማን አያስለቅስም፣ ሊቀመንበሩንም አያስሮጥም። የቀረን እሱ ነው፤ እሱን አልተውም።

ልጅህ ይበልጣል፣ ከሞጣ