የአባባ ወፎች ጡጦ

ለምትናፍቂኝ እህቴ ለግራሲዬላ፣

እንዴት ከረምሽ እታለሜ? የማድሪድ ሙቀት አላቃጠለሽም? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽ ፋኩንዶ አሁንም ያንኮራፋል ወይስ ጎረቤት ከሶት ተወው? እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ብቻ ልብስ አላደርቅ ብሎ አስመርሮናል።

ስለ እማዬ ልንገርሽ። አባባ ከሞተ ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ከኪንዴዎቹ ጋር እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለእነዚያ አበባ ቀሳሚ ሚጢጢ ወፎች አባባ በወጥ ቤቱ መስኮት የሰቀለላቸውን የስኳር ውሃ መጠጫ እንደ ሕፃን ጡጦ ነበር የምትንከባከበው። ታዲያ ባለፈው ወር ምን አደረገች መሰለሽ? «ነጭ ስኳር የከተማ ሰው ይብላው!» ብላ፣ ጎረቤታችን ዶን አንሴልሞ ከሸንኮራ የሚያወጣውን ቡናማ ፓኔላ በጥብጣ ሞላችላቸው። ወዲያው ኮመጠጠ፤ ወፎቹም ድራሻቸው ጠፋ።

እማዬ «አባትሽ ይዟቸው ሄደ፤ እኔም ከዚህ ቤት ልውጣ» አለችና፣ የአጎታችን ልጅ ዊልሜር እሁድ በጭነት መኪናው ወደ ኪቶ እንዲወስዳት ደወለችለት። ብለምናት፣ ባለቅስ አልሰማ አለች። ዕቃዋን ስትቋጥር ዶን አንሴልሞ ብቅ ብሎ መጠጫውን አሸተተ። «ዶኛ ዞይላ፣ ወፎቹን ልታሰክሪ ነው እንዴ? የራሴን ፓኔላ ማማት ይሆንብኛል እንጂ፣ ይሄ ለእነሱ መርዝ ነው» አላት። እሷም «አንተ ሰክረህ የማታውቅ ይመስል!» ብላ መለሰችለት። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትሳደብ ስሰማት ደስ አለኝ።

መጠጫውን ያለ ሳሙና በሙቅ ውሃ ፈትጌ፣ አንድ ስኒ ነጭ ስኳር በአራት ስኒ ውሃ አፍልቼና አቀዝቅዤ መልሼ ሰቀልኩት። በየሁለት ቀኑም ቀየርኩ። እማዬ ዞር ብላም አላየችው።

እሁድ የዊልሜር ጥሩምባ ከመታጠፊያው ሲሰማ፣ የላክሽላትን ቀይ ሹራብ ለብሳ ደጅ ወጣች። አንድ አረንጓዴ ኪንዴ ከየት መጣ ሳይባል ደረቷ ላይ ተንሳፍፎ የሹራቧን ቁልፍ በመንቆሩ ነካ ነካ አደረገው። ኪንዴው ወደ መጠጫው ዞሮ ጠጣ። ያኔ እማዬ አባባን አምሽቶ ሲገባ ትቆጣው እንደነበረው፣ «የት ቆይተህ ነው አንተ?» ብላ ጮኸችበት።

ዊልሜር አልጋዋን ሊያነሳ ሲል «አስቀምጥ! እኔ ኪቶ ብገባ ጡጧቸውን ማን ሊያጥብላቸው ነው?» አለችው። ምሳውን በልቶ፣ አንድ ዘለላ ሙዝ ጭኖ ተመለሰልሽ።

የጡጦ ማጠቢያ ብሩሽ ላኪልን፤ የእኛው ፀጉሩ ረግፏል። ፋኩንዶን ሳሚልኝ፤ ትንሿን ሉሲያናን ጉንጯን ቆንጥጪልኝ፤ አማትሽንም እጅ ነሥቻለሁ በያቸው። ዶን አንሴልሞ ሰላም ብሎሻል። እማዬ ደግሞ መስኮቱ ሥር ቆማ «ለገና ስትመጣ፣ መጀመሪያ እጇን ታጥባ የወፎቹን ውሃ ትቀይር፤ እኔን ከዚያ በኋላ ትስመኛለች በያት» ትላለች።

እህትሽ ማሪቤል
ሚንዶ፣ ኦገስት 9 ቀን 2015