የፔጆዋ እንጨት

ቅዳሜ፣ የካቲት 14። ጠዋት 4 ሰዓት

አራተኛው ብሎን እምቢ አለኝ። ሦስቱ ወጥተዋል። ዝገት ማስለቀቂያ ነፍቼበት እየጠበቅኩ ነው፤ እስከዚያ ከአንቺ ጋር ልጫወት ደብተሬ። እጄ ቅባት ነው። ገጽሽ ቢቆሽሽ ቻይኝ።

ጎረቤቶቼ ዛሬም በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለው መከሩኝ። አንዷ ለቆራሌው ስጫት ትላለች። ሌላው፣ ያውም ጡረታ የወጣ መ/ር፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ መኪና ሥር መተኛት ለወገቤ ጥሩ እንዳልሆነ አስረዳኝ። ስለ ወገቤ መቼ አማከርኩት? እሱ ቀኑን ሙሉ ካርታ ሲጫወት ወገቡን ማን ጠየቀው?

መኪናዋ የአባቴ ናት። ፔጆ 404። አባቴ ጋሽ ኃይሉ ከሐረር ድሬዳዋ እየተመላለሰ ሠላሳ ምናምን ዓመት ታክሲ ነዳባት። እኛን አስተማረባት። የሰፈራችንን የአቦከርን ግማሽ ዳረባት። እሱ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ያን ጊዜ ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ሥር ቆማለች፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ሲታቀፍበት ኖሯል። ዶሮዎቹን ያስወጣሁት ጥር ላይ ነው። ለምን እስካሁን እንደቆየሁ አትጠይቂኝ።

5 ሰዓት

ቢኒያም ደወለ። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ድሬዳዋ ነው የሚኖረው። መኪናዋም ቤቱም የሁለታችን ውርስ ነው። (ከዚህ በኋላ ቢ. እለዋለሁ። ሙሉ ስሙን መጻፍ እስኪያስጠላኝ ተናድጃለሁ።) ካፌ የሚከፍት ሰው አግኝቷል። ሰውዬው ፔጆዋን ከወገቧ ቆርጦ የፊቷን ግማሽ ግድግዳ ላይ ሊተክላት ነው። ደንበኞች ኮፈኗ ላይ ማኪያቶ አስቀምጠው ፎቶ ሊነሡ። የኋላዋ ግማሽስ ብዬ ጠየቅኩ። የአበባ መደብ ይሆናል አለኝ።

የአበባ መደብ!

አራተኛው ብሎን ወጣ። በንዴት ነው ያዞርኩት።

እሑድ፣ የካቲት 15

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቢ. ግቢው ውስጥ ቆሟል። የፔጆዋን ጎማ በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርጋል። ከብት ገበያ የሄደ ነው የሚመስለው። ሰውዬው መቁረጫውን ይዞ የሚመጣበትን ቀን እንኳ ቆርጠዋል፦ ቅዳሜ መጋቢት 5። እኔን ማን ጠየቀኝ?

ተጨቃጨቅን። አሥራ አንድ ዓመት ያልተንቀሳቀሰ ነገር መኪና አይባልም አለ። አፌ አመለጠኝ። ያን ዕለት ድሬዳዋ ወርዳ፣ ድንገጎን ሳትጎተት ወጥታ ሐረር ትገባለች አልኩት። ከገባች ድርሻህን ለእኔ ትፈርማለህ። ካቃታት ቁረጣት። ሳቀ። ተጨባበጥን። ድንች ወጤን ጥርግ አድርጎ በልቶ ሄደ።

ድንገጎን ታውቂዋለሽ። ከድሬ ሙቀት ወደ እኛ የሚያወጣው ያ ጥምዝምዝ ዳገት። አባቴ አንድም ቀን ድንገጎ ላይ ቆሜ አላውቅም እያለ ነው የሞተው። እኔ ግን መኪናዋን ገና ከግቢ አላወጣኋትም። ምን አስለፈለፈኝ?

ረቡዕ፣ የካቲት 18

አው ሪድዋን መጡ። ከጀጎል በእግራቸው፣ የመፍቻ ቦርሳቸውን አንግተው። የአባቴ መካኒክ ነበሩ፣ ጓደኛውም። አባቴ እንደ ሐረሪዎቹ በአክብሮት አው ይላቸው ስለነበር እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ጋራዣቸውን ከዘጉ ቆዩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጆሯቸው ግን ጤነኛ ነው፤ ሞተሩን በመፍቻ ቆርቆር እያደረጉ አዳመጡት። ትነሣለች አሉ።

ከነዳጅ ጋኑ አሮጌውን ቤንዚን በቱቦ ስቦ ማውጣት ያስፈልግ ነበር። የሚሳበው በአፍ ነው። እሳቸው ረመዳን፣ እኔ ሁዳዴ። ተያየን። ሰዓቱ 9 ተኩል አልፏል፣ እኔ ቀምሻለሁ፤ እሳቸው እስከ ማግሪብ ውኃም የለ። ስለዚህ ቤንዚኑ ለእኔ ደረሰ።

“ወተትም እንቁላልም የለበትም፣ ሳቢው” አሉኝ፣ ሳይስቁ።

አፌ እስካሁን ቀለም ቀለም ይለኛል።

ሲሄዱ፣ ማክሰኞ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ካርቦራተሩን እንዳትነኪ አሉ። እሳቸውም! ቢ. አትንኪ፣ ጎረቤት አትንኪ፣ አሁን ደግሞ እሳቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ መንካት ያቅተኛል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

ነካሁት። ፈታሁት። ምን እንዳገኘሁ ስሚ።

እንጨት። በካርቦራተሩና በሞተሩ መሃል፣ መዳፍ የሚያህል፣ ጣት የሚወፍር፣ በዘይት የጠቆረ ጣውላ። መሃሉ ተፈልፍሎ፣ ጥግ ጥጉ ለብሎን ተበስቶ። እሳት በሚነድበት ሞተር ላይ እንጨት!

ደሜ ፈላ። አባቴ ያመናቸው ሰዎች እንዲህ ነው የሠሩለት። ዕቃ ሲጠፋ ከመፈለግ የተገኘውን መሰካት። ቧንቧውም፣ ትራንስፎርመሩም፣ የት/ቤታችን ጣሪያም እንዲሁ ነው። እኔ ጋ እንዲህ የለም። የዚችኑ ዓይነት መኪና ሞተር ፎቶ ከኢንተርኔት ስልኬ ላይ አወጣሁ፤ እንጨት የሚባል የለበትም። አዲስ የወረቀት ማሸጊያ ቆርጬ ካርቦራተሩን በቀጥታ ሞተሩ ላይ ገጠምኩት። ብሎኖቹ ረዘሙብኝ። ለምን ረዘሙ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም፤ ቀለበት ደራርቤ አጠበቅኳቸው።

እንጨቱን የልብስ ውኃ የማሞቅበት እሳት ውስጥ ጣልኩት። ደህና አድርጎ ነደደ፣ ዘይት የጠጣ ነዋ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24። ማታ 1 ሰዓት

ተነሣች። ደብተሬ፣ ተነሣች!

ሦስት ጊዜ አሳላት፣ ነጭ ጭስ ለቀቀች፣ ከዚያ ያ የማውቀው ድምፅ መጣ። ልጅ ሆኜ ከማታ ጥናት ላይ የሚያስነሣኝ ድምፅ፣ አባቴ ገባ የሚለኝ። አለቀስኩ። አው ሪድዋን መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው አልሐምዱሊላህ አሉ።

ከዚያ ኮፈኑን ከፈቱ። ጎንበስ ብለው አዩ። እንጨቱስ አሉኝ።

ነገርኳቸው። በክፍል ድምፄ ነው የነገርኳቸው፣ ትምህርት ጭምር ጨመርኩበት፤ ሞተር ላይ እንጨት እንደማይደረግ፣ እኔም እንዳቃጠልኩት። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረጉ። መፍቻዎቻቸውን ሰበሰቡ።

“አላህ ያግዝሽ፣ የኃይሉ ልጅ።”

ሄዱ። ይኸው ነው። ያልጠጣ ያልቀመሰ ሰው በማግሪብ ሰዓት ከቤቴ አኩርፎ ወጣ፣ ለአንድ ቁራጭ እንጨት። ሞተሩ ሲነሣ አላዩም? ደስ አይላቸውም? ሠርቶ ላሳየ ሰው ይሄ ነው ምስጋናው?

ቅዳሜ፣ የካቲት 28

ሙከራ። 6 ሰዓት ላይ ከከተማው በላይ ወዳለው ወደ ሐኪም ጋራ ዳገት ተነሣሁ። ከተማውን በሰላም አለፍኩ፤ ሰው ቆሞ አጨበጨበልኝ። ዳገቱ ሲጀምር ነፍሷ ተቆረጠ። ተንተፋተፈች፣ ነጠቅ ነጠቅ አለች፣ ቀጥ።

በአንድ አፍታ ስምንት ወንድ ከበበኝ። አንዱ ባትሪ ነው፣ አንዱ ካንዴላ ነው፣ አንዱ መሪ ላይ ሴት ስለተቀመጠች ነው። አንድ ባጃጅ ነጂ መጎተት ካማረሽ ገመድ አለኝ አለኝ፣ እየሳቀ። አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነች ተነሣች። እንደገና ወጣሁ። እዚያው ቦታ ስደርስ እንደገና ቀጥ።

ስትግል ትቆማለች፣ ስትቀዘቅዝ ትነሣለች። ካርቦራተሩን ነካሁት፣ እጄን ጠበሰኝ። ውስጡ ያለው ቤንዚን ይፈላል።

ቤንዚን ቶሎ ይፈላል። ብረት ሙቀት ያስተላልፋል። እንጨት አያስተላልፍም። ሃያ ስድስት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት! ፈተና ላይ የሳተውን ልጅ በቀይ ሰርዤ ወላጅ አስጠርቻለሁ። እኔንስ ማን ይሰርዘኝ? እንጨቱ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቀት የሚከለክል ነበር። ብሎኖቹ የረዘሙት ለእሱ ነበር። ልብስ አጠብኩበት።

አንድ ሳምንት ቀረኝ።

እሑድ፣ የካቲት 29

ጀጎል ሄድኩ። በሩ ላይ ይቅርታዬን ሦስት ጊዜ ተለማመድኩ። ባለቤታቸው አስገቡኝ። አው ሪድዋን መደቡ ላይ ጋደም ብለዋል፤ ተነሥተው ቦታ ለቀቁልኝ። ያ ነው የባሰ ያሳፈረኝ።

አጠፋሁ አልኳቸው። ታሪኩን ነገሩኝ።

አባቴ ዋሽቶኛል። ድንገጎ ላይ ሰባት ጊዜ ቆሟል። ተሳፋሪ ጭኖ፣ አንዴም ሙሽራ ጭኖ። ከመጀመሪያው በኋላ ነው ሁለቱ እንጨት መሞከር የጀመሩት። የባሕር ዛፍ ተሰነጠቀ። ዝግባ ከሰለ። ስድስት ዓይነት፣ ስድስት ጊዜ መቆም። ሰባተኛውን አው ሪድዋን ከገዛ እናታቸው ቤት አሮጌ በር ላይ ቆርጠው ፈለፈሉት። መቶ ዓመት የደረቀ እንጨት ምኑ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ አባቴ ቆሞ አያውቅም። እናትየው ስለ በሩ ሁለት ወር አላናገሯቸውም።

ያንን ነው ውኃ ያሞቅኩበት።

ለምን አልነገሩኝም አልኩ፣ ደግሞ እንደገና ቁጣ ቁጣ እያለኝ። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ይንቀጠቀጣል።

“ያንን ቀን የከፋኝ በአንቺ አይደለም። ሌላ እንዳልሠራልሽ ነው። ወላሂ፣ ይሄ እጅ አሁን ማንኪያም አይዝ።”

እኔ እይዛለሁ አልኩ። እርስዎ ያሳዩኝ፣ እኔ እቆርጣለሁ። አሮጌ በር ግን ከየት ይምጣ ተባባልን። የእናታቸው ቤት ከተሸጠ ቆየ።

ቤቴ ስደርስ ቁልፌን ይዤ በሩ ፊት ቆምኩ። ረጅም ሰዓት አየሁት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2

ቅድመ አያታችን ከሸዋ መጥተው ሲሰፍሩ ያሠሩት በር ነው። ወይራ። ግማሹ የቢ. ነው። ግማሹ የእኔ ነው። የታችኛውን ግማሽ የእኔ ነው ብዬ ወሰንኩ።

መጋዙ ድንጋይ የሚቆርጥ ነው የመሰለው። አው ሪድዋን በርጩማ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ያሳያሉ፦ እዚህ አይደለም፣ ጉጥ አለው፤ በሥሩ ሂጂ፤ ቀስ። የመጀመሪያው ስበሳው ተሰነጠቀ። ተሳደብኩ። ሁለተኛውን ጥሩ አድርጌ ፈለፈልኩ፣ ብሎን ሳጠብቅ ተሰነጠቀ። እንደገና መጋዝ። በዚህ መሃል በሩ ከወገቡ በታች አለቀ፤ የጎረቤት ድመት በነፃ ትገባለች።

ሦስተኛውን እንዳይሰነጠቅ በኑግ ዘይት ቀቀልነው፣ ከነገ ጀምሮ ለምበላው ወጥ ባስቀመጥኩት ዘይት። ሽታው ግቢውን ሞላው። ሁለት ጾመኛ ብረት ድስት ከበን ተቀምጠን ምራቅ ስንውጥ። ከአላህና ከእግዚአብሔር ዘንድ ለዚህ ሰዓት የተለየ ዋጋ ሊኖር ይገባል አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

አልተሰነጠቀም። ገጠምነው። ብሎኖቹ ልክ መጡ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5። ድንገጎ፣ ወደ 7 ሰዓት

መኪናዋ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ቆመናል።

አትደንግጪ። ጠዋት በቀዝቃዛው ከአው ሪድዋን ጋር ወረድን፣ ድሬን አየን። ቢ. ከራሱ መኪና ጋር ጠበቀን፣ ምስክር ሆኖ ከኋላ ተከተለን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዳገቱን ጀመርን። የጫት መኪኖች ሲመጡብን ጥግ እየያዝኩ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳትንተፋተፍ። አንድ ጥምዝ፣ ሌላ ጥምዝ። እየዘመርኩ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ልክ አጋማሹ ላይ አው ሪድዋን አቁሚ አሉ። የዙህር ሰዓት ነው፣ ይሰግዳሉ።

እዚህ? ትንሽ ወደ ላይ ብንሄድስ አልኩ። እዚሁ አሉ። ሞተሩንም አጥፊው አሉ።

አሁን ነው ማበድ። የጋለ ሞተር ሲጠፋ ንፋስም የለ፣ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ካርቦራተሩ ነው የሚወጣው። ከመንዳት ይልቅ የሚገድላት ይሄ ነው። ያውቃሉ። እያወቁ ነው። እንጨቱ ጥሩ መሆኑ የሚታየው ሲቆም ነው፣ ቆሞ ካልተነሣ ምኑን በር ቆረጥን አሉኝ፣ ምንጣፋቸውን ይዘው ወረዱ።

ቢ. ከኋላ ወርዶ መኪናው ላይ ተደግፏል። ቆመች፣ አለቀ ይላል። ሳትጎተት ነው እንጂ ሳትቆም አልተባባልንም ብዬ ጮኽኩበት። ሰው ሊሰግድ አይቆምም? ስልኩን አወጣ፣ ለዚያ ለካፌው ሰውዬ እየደወለ ነው። ፊቱ ላይ ያለውን ፈገግታ ብታዪው።

ሩብ ሰዓት ሞላ። ኮፈኑ እንደ ምጣድ ግሏል። ጨረሱ። ምንጣፉን እያጠፉ ነው። ገቡ። ቢስሚላህ በይ አሉኝ፣ በስመ አብ አልኩ። ቁልፉን

ሐረር፣ 11 ሰዓት

በመጀመሪያው ነው የተነሣችው።

ቢ. ግቢው ድረስ ተከትሎ ገባ። ፊቱ ጠቁሯል፣ ቃሉን ግን አላጠፈም፤ ሰኞ እፈርማለሁ አለ። ከዚያ ዞር ሲል በሩን አየ። ግማሹን። ደብተሬ፣ የዚያን ጊዜ የጮኸውን ጩኸት አቦከር ሙሉ ሰምቶታል። የቅድመ አያታችንን በር እንዴት ቆረጥሽ፣ ውርስ እንዴት ይቆረጣል፣ እከስሻለሁ አለኝ።

ውርስ እንዴት ይቆረጣል። እሱ ነው ይህን የሚለኝ!

አው ሪድዋን የማግሪብን ሰዓት በረንዳው ላይ እየጠበቁ ናቸው፣ ቴምርና ውኃ አቅርቤላቸዋለሁ። ፔጆዋን ወደ ኋላ አስጠግቼ ክፍት የቀረውን በር በእሷ ዘግቼዋለሁ። አዲስ በር አላሠራም። ይክሰሰኝ።