ድንጋዩን ሳታነሡ ዓሣ አታስገቡ

እኔ መርቪን ሃድሪክ፣ በኢፕስዊች ከተማ በገዛ ቤቴ፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 2017 የመጨረሻ ቃሌን እናገራለሁ። ምስክሮቼ ጎረቤቴ ክላውዲዮ ፔሪንና ይህን የሚጽፉልኝ የዓሣ አርቢዎች ማኅበራችን ሰብሳቢ ወይዘሮ ግሌኒስ ታጋርት ናቸው። ልጄ ሊኔትና ባለቤቴ ሴፊናም ይሰማሉ፤ አንዷ በሩ አጠገብ፣ አንዷ መስኮቱ ሥር ተራርቀው ተቀምጠዋል።

ቤቴን ለሁለቱም በእኩልነት አውርሻለሁ። ሊኔት ሆይ፣ እናትሽ ኮራሊ ከሞተች ከብዙ ዘመን በኋላ ሴፊናን አገባሁ፤ አንቺ ግን ከትዳርሽ ወጥተሽ ወደዚህ ከተመለስሽ ወዲህ ከእሷ ጋር ከአንድ ማዕድ አልቆረስሽም። ሴፊናም በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ ትኖራለች። ዓይኔን ስከድን ሎጋን ከተማ ወዳለችው እኅቷ ትሄዳለች፤ አንቺም በባዶ ቤት ብቻሽን ትቀሪያለሽ። የሚያስፈራኝ ይህ ነው እንጂ ሞቱስ አያስፈራኝም።

ትልቁ የዓሣ ገንዳም የጋራችሁ ይሁን። አደራዬን ስሙ፤ ሲክሊድ የሚባሉት የማላዊ ሐይቅ ዓሦች የቆሮሶ ዘመድ ቢሆኑም ጠባያቸው ክፉ ነው። ከድንጋይ ላይ አልጌ የሚግጠውን ቁጡ ዓሣ ከገራሙ ጋር አታኑሩ። መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት ወንዶችም አታስገቡ፤ ይገዳደላሉ። ከሥር የሚኖረው ትንሹ አምባዛ ግን ከማንም አይጣላም፤ ልክ እንደ ክላውዲዮ።

«አምባዛውስ ይበላል! እኔ እዚህ ቤት ቢራ እንኳ ቀምሼ አላውቅም» አለ ክላውዲዮ። ውሸቱን ነው፤ ግን ይጻፍ።

ሊኔት ለልደቴ ያመጣችው ሰማያዊ ዓሣ ሲነጋ ክንፉ ተበጣጥሶ ተገኘ። ጥፋቱ የዓሣው አልነበረም፤ ድንጋዩን ሳታነሣ አስገባችው። እኛ አርቢዎች አዲስ ዓሣ ስናመጣ ድንጋዩን በሙሉ አውጥተን በሌላ መልክ እንደረድራለን። ያን ጊዜ ነባሩ «ይህ ጎሬ የእኔ ነው» የሚለው ስፍራ ያጣል፤ ሁሉም አዲስ ገቢ ይሆናል።

ስለዚህ በተቀበርሁ ማግስት ሁለታችሁ አብራችሁ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ወደ ግቢ አውጡ፤ ተመካክራችሁም በአዲስ ቦታ መልሱት። የኮራሊ የወጥ ቤት ቁም ሳጥንም ይውጣ። ይህ ሳይፈጸም ቤቱ በማናችሁም ስም አይዙር።

ሊኔት ብድግ አለች። «አባዬ፣ የእማዬን ቁም ሳጥን እንዳትነካብኝ!»

«ሞቼ እንዴት እነካዋለሁ? የምትነኩት እናንተ ናችሁ።»

«ተው እንጂ መርቭ፣ ልጅቷን አታስጨንቃት» አለች ሴፊና። «እኔ እሄዳለሁ፤ ቁም ሳጥኑም ባለበት ይቀመጥ። በየሳምንቱ የምወለውለው እኮ እኔ ነኝ፤ ከእናቷ ስኒዎች አንድም አልሰበርኩም።»

ሊኔት ይህን አታውቅም ነበር። ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች፤ እኔም አለቀስሁ። ወይዘሮ ግሌኒስ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ከባድ ነው፤ ብቻዬን አልችለውም» አለች ሊኔት በመጨረሻ። «በዚያኛው በኩል ትይዢልኛለሽ?»

«አሁን?»

«አሁን ነዋ! እሱ እስኪሞት ነው የምንጠብቀው?»

ይህ ቃሌ ተነብቦልኝ፣ የተናገርሁት መሆኑን አረጋግጬ በምስክሮቼ ፊት ፈርሜአለሁ።

መርቪን ሃድሪክ (ፊርማ)

እኛም ሲፈርም አይተን ፈርመናል፦ ክላውዲዮ ፔሪን (ፊርማ)፣ ግሌኒስ ታጋርት (ፊርማ)

በፊርማው ሰዓት ወራሾቹ በክፍሉ አልነበሩም። ግቢ ውስጥ ሆነው፣ ቁም ሳጥኑ የት ይቀመጥ በሚለው ሲከራከሩ ይሰማ ነበር።