ታፕ ማለት ቧንቧ መስሎኝ

ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ቶሮንቶ
ጥቅምት 8 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውዱ ባለቤቴ ለካሳዬ፣ ከነኩርፊያህ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔና ልጅህ ሔርሞን ብርዱ ጀመረን እንጂ ደህና ነን። ቪዛህ ከወጣ ጀምሮ የመምጣትህን ነገር ሳነሳብህ ስልኩን ትዘጋብኛለህ። ደብዳቤ መቼም ጆሮ ላይ አይዘጋም ብዬ ነው የምጽፍልህ።

የወጥ ቤታችን ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሰነበተ። የሕንጻው ተቆጣጣሪ ዛሬ ነገ ሲለኝ፣ ምድር ቤት «ታፕ፣ ቅዳሜ፣ በነጻ» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ታፕ ቧንቧ አይደል? ተመስገን ብዬ ወረድኩ። አዳራሹ ውስጥ ያገኘሁት ግን ሥሩ ብረት በተመታበት ጫማ ወለሉን እያንኳኩ የሚጨፍሩ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ለካ ታፕ የጭፈራ ስም ኖሯል። ስለ ቧንቧዬ ስነግራቸው በሳቅ ሞቱ። አንድ እግራቸው የእንጨት መሆኑን ያየሁት ሲቀመጡ ነው።

የአንተ እግር ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ተቆጡኝ፤ ለሚያለቅስ ሰው አልጨፍርም አሉ።

ሚስተር ኦዴል ይባላሉ። በልጅነታቸው ጆርጂያ ውስጥ የእንጨት መሰንጠቂያ ቀኝ እግራቸውን ቆረጣቸው። ጎረቤታቸው የሆነ አናጺ የጠረጴዛ እግር ቆርጦ ምትክ ሠራላቸው፤ በዚያው መጨፈር ጀመሩ። እንዲህ ያለ ታፕ ጨፋሪ በአገሩ ታይቶ አያውቅምና ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ሊስቅ ነበር። ኋላ ስማቸው በትልልቅ አዳራሾች ደጃፍ ተጻፈ፤ ጥቁር ናቸውና እሳቸው የሚገቡት በጓሮ በር ነበር። ለትርኢት ቶሮንቶ መጥተው የአገሬውን ልጅ ወደዱ፣ እዚሁ ቀሩ። አሁን ሰማንያን አልፈው የሕንጻችንን ልጆች ያስተምራሉ፤ ሔርሞንም አንዷ ናት። ከእኛ ሥር የምትኖረው ኩልሱም በልምምዷ ጫጫታ ተማርራ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ስትደበድብ፣ ልጅህ «ማሚ፣ ሺ ኢዝ ኦን ቢት» ትለኛለች። ምቱን ይዛለች ማለቷ ነው።

አንድ ቀን፣ በዚያ እግር መጀመሪያ ከቤት ሲወጡ ሰው ሲያይዎት እንዴት ቻሉት ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መቼም ማየታቸው ካልቀረ፣ የሚታይ ነገር ላሳያቸው ብዬ ወጣሁ» አሉኝ።

አንተ ከመኪና አደጋው ወዲህ መጋረጃ ጋርደህ ተቀምጠሃል። ሸክም አልሆንባችሁም ትለኛለህ። አለመኖርህ ነው የከበደኝ፣ ካሳዬ። ቪዛው ደግሞ የገና በዓል ሳይደርስ ይቃጠላል።

ትናንት ስለ አንተ ነገርኳቸው። የትኛው እግሩ ነው የተቆረጠው አሉኝ። ግራው አልኳቸው። የጫማ ቁጥርህን ጠየቁኝና ወደ ጓዳ ገብተው አንድ አዲስ ቀኝ ጫማ ይዘው መጡ፤ ብረቱ እንኳ አልተጫረም። ዕድሜ ልካቸውን ጥንድ እየገዙ ቀኝ ቀኙ ሲተርፋቸው ኖሯል።

«ለሁለታችን አንድ ጥንድ ይበቃናል በይው» አሉ።

ሔርሞን በፖስታ እንላክለት ብላ ነበር፤ እምቢ አልኳት። እግርህ ይምጣና ይለካው።

መንገድህን አምላክ ያቅናልህ።

የቤትህ ሰው፣
ብርሃነሽ